ኃይል ቆጣቢ ሕንጻና ዘላቂ ሥነ ሕንጻ

ዘላቂ ሥነ ሕንጻ፣ ሕንጻ ሲገነባ፣ አገልግሎት ሲሰጥና ሲፈርስ የሚፈጀውን ኃይል፣ ውኃና ቁሳቁስ በተቻለ መጠን የሚቀንስ፣ የነዋሪውን ምቾትና ጤና ግን የማያጓድል የንድፍና የግንባታ አሠራር ነው። በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ግምት መሠረት፣ በዓለም ላይ ከኃይል አጠቃቀምና ከኢንዱስትሪ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሦስተኛው በላይ የሚሆነው ከሕንጻዎችና ከግንባታ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። አብዛኛው የሚመጣው ሕንጻው ሥራ ከጀመረ በኋላ ለማሞቂያ፣ ለማቀዝቀዣ፣ ለመብራትና ለልዩ ልዩ መሣሪያዎች ከሚውለው ኃይል ሲሆን፣ ቀሪው ሲሚንቶ፣ ብረት፣ መስታወትና የመሳሰለው ሲመረት የሚወጣ ነው።

«አረንጓዴ ሕንጻ» ሲባል በብዙዎች ዓይነ ኅሊና የሚመጣው ጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ የተደረደረበት፣ በረንዳው ላይ ተክል የተንጠለጠለበት ፎቅ ነው። ሁለቱም ክፋት የላቸውም። በሙያው የተፈተነው ቅደም ተከተል ግን ከሌላ ቦታ ይጀምራል፤ መጀመሪያ ሕንጻው ብዙ ኃይል እንዳይፈልግ ማድረግ፣ ቀጥሎ የማይቀረውን ፍላጎት በቆጣቢ መሣሪያ መሸፈን፣ በመጨረሻም ለተረፈችው ጥቂት ፍጆታ ታዳሽ ኃይል መፈለግ። ሙቀትን እንደ ወንፊት በሚያሾልክ ቤት ላይ ውድ ሰሌዳ መግጠም፣ ብክነቱን በንጹሕ ኃይል ከማስቀጠል አያልፍም።

ፀሐይና ነፋስ

ትልቁና ርካሹ ቁጠባ የሚገኘው መሠረት ከመቆፈሩ በፊት፣ ገና ወረቀት ላይ ሳለ ነው። ሕንጻው ፊቱን ወዴት ያዞራል? ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ርቀው በሚገኙ አገሮች በብርድ ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ስለምትጓዝ፣ ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ያለ ምንም ወጪ ሙቀት ያስገባል። በሙቀት ወራት ደግሞ ፀሐይዋ ከፍ ስለምትል ከመስኮቱ በላይ ወጣ ያለ አጭር ጥላ ብቻ ይመልሳታል። በደቡብ ንፍቀ ክበብ አቅጣጫው ይገለበጣል። በምድር ወገብ አካባቢ ግን የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ስለምትውል ዋናውን ሙቀት የሚቀበለው ጣሪያው ነው። የምሥራቅና የምዕራብ መስኮቶች በየትኛውም አገር አስቸጋሪ ናቸው፤ የጧትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ በቀጥታ ስለምትገባ አግድም ጥላ አይመልሳትም፣ ቁም ማገጃ ወይም ከውጭ የሚዘጋ መዝጊያ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የፀሐይ ብርሃን መስታወቱን አልፎ ከገባ በኋላ በመጋረጃ ቢያዝ ሙቀቱ ከክፍሉ ውስጥ አይወጣም፤ መጋረጃው ራሱ ይሞቅና ክፍሉን ያሞቀዋል። ጥላ ዋጋ የሚኖረው ከመስታወቱ ውጭ ሲሆን ነው። ከእግር እስከ ራሱ መስታወት የለበሰ፣ አንድም ጥላ የሌለው ፎቅ በሞቃታማ ከተማ መሐል ሲቆም፣ ባለቤቱ ዕድሜ ልኩን የማቀዝቀዣ ወጪ እንደ ፈረመ ይቆጠራል።

የጥንት ግንበኞች ይህን ሁሉ ያለ ኮምፒውተር ያውቁት ነበር። በኢራን በረሃማ ከተሞች፣ በተለይም በያዝድ፣ ከጣሪያ በላይ የቆሙ የነፋስ ማማዎች ከፍ ብሎ የሚነፍሰውን አየር ይዘው ወደ ታችኛው ክፍል ያወርዱታል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ደግሞ የቀኑን ሙቀት ውጦ ያቆይና ሌሊት ይለቀዋል። ግብጻዊው አርክቴክት ሐሰን ፋቲ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በሉክሶር አቅራቢያ አዲስ ጉርናን በጭቃ ጡብ ሲያንጽ ይህንኑ ጥበብ ወደ ዘመናዊው ሥነ ሕንጻ መልሶ ለማምጣት ነበር። ሆኖም ወፍራም ግድግዳ ለሁሉም አየር ንብረት መድኃኒት አይደለም። የሚሠራው የቀንና የሌሊት ሙቀት በጣም በሚለያይበት ቦታ ነው። ሌሊቱም እንደ ቀኑ በሚሞቅበትና በሚወብቅበት አካባቢ ከባድ ግድግዳ የያዘውን ሙቀት መልሶ የሚያቀብለው ለተኛው ሰው ነው፤ እዚያ የሚሻለው ከመሬት ከፍ ያለ፣ ቀለል ያለና ነፋስ ከዳር እስከ ዳር የሚያሳልፍ ቤት ነው።

በዘመናችን ከተሠሩት መካከል በቡርኪና ፋሶ፣ በጋንዶ መንደር፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጠናቀቀው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ቀረብ ብሎ ሊታይ ይገባዋል። አርክቴክቱ ዲየቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ ገና ተማሪ ሳለ ለተወለደበት መንደር የነደፈው ነው። ግድግዳው የተጠቀጠቀ የሸክላ አፈር ጡብ ነው። ከክፍሎቹ በላይ አየር የሚያሳልፍ የጡብ ኮርኒስ አለ፤ ከኮርኒሱ በላይ ደግሞ ቀጫጭን ብረት ተበይዶ በተሠራ ድጋፍ ላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰፊ ቆርቆሮ አለ። ቆርቆሮ ፀሐይ ሲመታው እንደሚግል የታወቀ ነው፤ እዚህ ግን ግለቱ ክፍል ውስጥ አይደርስም። በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ነፋስ እያለፈ ይጠርገዋል፤ የክፍሉ ሞቃት አየርም በኮርኒሱ ቀዳዳዎች ወደ ላይ ይወጣል። ቆርቆሮው ወጣ ብሎ ስለተዘረጋ ግድግዳውን ከዝናብም ከፀሐይም ይጠብቃል። አንድም ማቀዝቀዣ አልተገጠመም። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2004 የአጋ ኻን የሥነ ሕንጻ ሽልማት አግኝቷል፤ ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2022 የሥነ ሕንጻ ትልቁ ክብር የሚባለውን የፕሪትዝከርን ሽልማት የተቀበለ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆኗል።

በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ እ.ኤ.አ. በ1996 የተከፈተው የቢሮና የገበያ ሕንጻ፣ የኢስትጌት ማዕከል፣ በስፋቱ የተለየ ቢሆንም መርሁ ይመሳሰላል። አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ የተለመደውን ኤር ኮንዲሽነር ትቶ፣ ቀዝቃዛው የሌሊት አየር በማራገቢያ እየተገፋ በወለሎቹ ውስጥ ባሉ የኮንክሪት መተላለፊያዎች እንዲያልፍ አደረገ። ሌሊት የቀዘቀዘው ኮንክሪት ቀን የቢሮውን ሙቀት ይውጣል። የሐሳቡ ምንጭ የምስጥ ኩይሳ እንደሆነ ይነገራል። ምስጦቹ አየር የሚያንቀሳቅሱበት መንገድ በጊዜው ከታሰበው የተለየ መሆኑን በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ሕንጻው ግን በዚህ ምክንያት መቀዝቀዙን አልተወም።

ግድግዳ፣ መስኮትና ስንጥቅ

ብርድ በሚበረታባቸው አገሮች ትግሉ የሚያተኩረው ሙቀት እንዳያመልጥ ነው። የረጋ አየር ሙቀትን በጣም በዝግታ ስለሚያስተላልፍ፣ የሙቀት መከላከያ ተብለው የሚሸጡት እንደ ማዕድን ሱፍና ፎም ያሉ ቁሳቁሶች በመሠረቱ አየርን አስረው የሚያስቀምጡ ናቸው። 10 ሴንቲ ሜትር የማዕድን ሱፍ የሚያግደውን ሙቀት በኮንክሪት ብቻ ለማገድ 4 ሜትር ገደማ ውፍረት ይጠይቃል። ስለዚህ «ግድግዳው ወፍራም ነው» ማለት «ሙቀት ይይዛል» ማለት አይደለም። ነጠላ መስታወት በአንድ ካሬ ሜትር በውስጥና በውጭ መካከል ላለው ለእያንዳንዱ የዲግሪ ልዩነት ከ5 ዋት በላይ ሲያሳልፍ፣ ዘመናዊው ባለ ሦስት መስታወት መስኮት ከ1 ዋት በታች ሊወርድ ይችላል።

መከላከያው የተቋረጠበት ቦታ ደግሞ የሙቀት ድልድይ ይባላል። ዓይነተኛው ምሳሌ የፎቁ ወለል ሳይቋረጥ ወደ ውጭ ዘልቆ በረንዳ የሆነበት ንድፍ ነው። ኮንክሪቱ የክፍሉን ሙቀት ወደ ውጭ ይጎትታል፤ በውስጥ በኩል ማዕዘኑ ይቀዘቅዛል፤ በክፍሉ ያለው እርጥበት እዚያ ላይ ወደ ውኃነት ይለወጣል፤ ከጊዜ በኋላም ጥቁር ሻጋታ ይታያል። ነዋሪው ቀለም ይቀባዋል፤ ሻጋታው ይመለሳል። ጥፋቱ ያለው ከቀለሙ ሳይሆን ከንድፉ ነው።

ስንጥቆች የሚያስከትሉት ብክነት ለዓይን አይታይም። የሚለካው እንዲህ ነው፤ መውጫው በር ላይ ትልቅ ማራገቢያ የተገጠመበት ሸራ ይወጠራል፤ መስኮቶች ሁሉ ይዘጋሉ፤ ማራገቢያው አየር ስቦ በውስጥና በውጭ መካከል የ50 ፓስካል የግፊት ልዩነት ይፈጥራል። ከዚያ ባለሙያው ቀጭን ጭስ የሚያወጣ መሣሪያ ይዞ ይዞራል። በሶኬቱ ዙሪያ፣ ቧንቧ ግድግዳውን በሚበሳበት ቦታ፣ በመስኮቱ ፍሬምና በግንቡ መገናኛ፣ ጭሱ በድንገት ሲታጠፍ የአየሩ መግቢያ ይታወቃል። ፓሲቭ ሃውስ የተባለው የጀርመን ደረጃ በዚህ ግፊት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሾልኮ የሚገባው አየር ከቤቱ ይዘት 0.6 እጥፍ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። እንዲህ የታሸገ ቤት ግን መተንፈስ አለበት። ሙቀት የሚመልስ አየር ማናፈሻ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ የሚወጣው የቆሸሸ አየር ሙቀቱን ለሚገባው ንጹሕ አየር አስረክቦ ይወጣል፤ ሁለቱ ግን አይቀላቀሉም።

ይህ ደረጃ የበቀለው እ.ኤ.አ. በ1973 የደረሰው የነዳጅ ቀውስ መንግሥታትን ካስደነገጠ በኋላ ነው። ካናዳ ውስጥ በሬጂና ከተማ እ.ኤ.አ. በ1977 በብዙ መከላከያ የታሸገ፣ አየር የማያሾልክ የሙከራ ቤት ተሠራ። የስዊድኑ ፕሮፌሰር ቡ አዳምሰንና ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቮልፍጋንግ ፋይስት ሐሳቡን ወደ ደረጃነት አሳደጉት፤ እ.ኤ.አ. በ1991 በዳርምሽታት ከተማ አራት ተያያዥ ቤቶች ተጠናቀቁ። ደረጃው ለማሞቂያ የሚፈቅደው ከፍተኛ ፍጆታ በዓመት በአንድ ካሬ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው።

መሣሪያና ቁሳቁስ

ስለ መሣሪያ ብዙ ማለት አያሻም። ኤልኢዲ አምፖል የቀድሞው የሽቦ አምፖል ከሚፈጀው ኃይል በአምስተኛው ገደማ ያንኑ ብርሃን ይሰጣል። የሙቀት ፓምፕ በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት ያስገኛል፤ ሙቀትን አይፈጥርም፣ ከውጭ አየር ወይም ከመሬት ያጓጉዛል እንጂ።

የቁሳቁሱ ነገር የበለጠ ያወዛግባል። ሕንጻው በሥራ ላይ ሳለ የሚፈጀው ኃይል እየቀነሰ ሲሄድ፣ ሲገነባ የወጣው ካርቦን ድርሻው እየጎላ ይመጣል። ሲሚንቶ ብቻውን የዓለምን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ ይይዛል። ምድጃው በንጹሕ ኃይል ቢሠራ እንኳ ችግሩ ሙሉ በሙሉ አይፈታም፤ የኖራ ድንጋዩ ሲቃጠል ራሱ ጋዙን ይለቃልና። አንዱ አማራጭ እንጨት ነው። በኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2019 የተመረቀው ምዮስቶርኔት 85.4 ሜትር ከፍታ ያለው የእንጨት ሕንጻ ነው። እንጨት ግን ጥቅሙ የሚጸናው የተቆረጠው ዛፍ የሚተካ ከሆነ ብቻ ነው።

ሌላው፣ በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ የተዘነጋው አማራጭ፣ የቆመውን ሕንጻ አለማፍረስ ነው። ፈረንሳውያኑ አርክቴክቶች አን ላካቶንና ዣን ፊሊፕ ቫሳል ከባልደረቦቻቸው ጋር በቦርዶ ከተማ 530 መኖሪያዎች ያሏቸውን ያረጁ ፎቆች ሳያፈርሱ፣ ነዋሪውንም ሳያስለቅቁ፣ ከፊታቸው ሰፊ ባለ መስታወት በረንዳ ጨምረው አደሷቸው። በረንዳው ብርሃንና ስፋት ከመስጠቱም ሌላ ብርድ ይመክታል። በኒው ዮርክ የኢምፓየር ስቴት ሕንጻ እድሳት ደግሞ የቅደም ተከተልን ጥቅም ያሳያል። ከ6,500 የማያንሱት መስኮቶች አልተጣሉም፤ እዚያው ሕንጻው ውስጥ በተቋቋመ ወርክሾፕ መስታወታቸው ተፈትቶ፣ በመሐሉ ልዩ ፊልም ገብቶ እንደገና ተገጠሙ። ከማሞቂያዎቹ ጀርባ መከላከያ ተለጠፈ። በዚህና በመሰል ሥራዎች የማቀዝቀዣ ፍላጎቱ ስለቀነሰ ትልልቅ አዲስ ማቀዝቀዣ መግዛት አላስፈለገም፤ የነበሩት ታድሰው በቁ። ዕቅዱ የኃይል ፍጆታውን በ38 በመቶ ለመቀነስ ነበር።

ምስክር ወረቀትና ሕግ

ሕንጻዎችን እየመዘኑ ደረጃ የሚሰጡ ሥርዓቶች በርካታ ናቸው። የብሪታንያው ብሪያም እ.ኤ.አ. በ1990 ተጀመረ፤ የአሜሪካው ሊድ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተለ። የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ለታዳጊ አገሮች ያዘጋጀው ኤጅ ቀለል ያለ ነው፤ በኃይል፣ በውኃና በቁሳቁስ ቢያንስ 20 በመቶ ቁጠባ ይጠይቃል። በእነዚህ ሥርዓቶች ላይ የሚነሳው ወቀሳ ተገቢ ነው፤ ነጥብ መልቀም ራሱ ግብ ሊሆን ይችላል፣ ወረቀት ላይ የተሰላው ፍጆታም ሕንጻው ሥራ ሲጀምር ቆጣሪው ከሚያሳየው ብዙ ጊዜ ያንሳል። የግንባታ ጉድለት፣ የአያያዝ ችግርና የነዋሪው ልማድ ተደምረው ልዩነቱን ያሰፉታል።

በኪራይ ቤት ደግሞ ጥቅሙና ወጪው የተለያየ ኪስ ውስጥ ይገባል። መከላከያውን የሚገዛው አከራይ ነው፤ የወር ሂሳቡ የሚቀልለት ግን ተከራዩ ነው። ስለዚህ አከራዩ አይቸኩልም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ ሕንጻ ሲሸጥ ወይም ሲከራይ የኃይል ደረጃውን የሚገልጽ ወረቀት እንዲቀርብ አዘዘ። አንዳንድ አገሮች ከዚያም አልፈው ሄደዋል። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ከሰባቱ የኃይል ደረጃዎች ከአምስተኛው በታች የሆነ ቤት፣ በሕግ ነጻ ካልተደረገ በቀር፣ ለአዲስ ተከራይ ማከራየት ተከልክሏል። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ በመጨረሻው ደረጃ ላይ ያሉ መኖሪያዎችን በአዲስ ውል ማከራየትን ከልክላለች፤ ከታች ሁለተኛው ደረጃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2028 ተራው ይደርሰዋል።