በጎልፍ አማተርነት የሚጠፋው መቼ ነበር?

በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ጎልፍ አማተርን (ያለ ክፍያ የሚጫወትን) ከፕሮፌሽናል የሚለየው በችሎታ ሳይሆን በገንዘብ ነበር። ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው ግን በሌላ ስፖርት የተገኘ ክፍያም የጎልፍ አማተርነትን ማሳጣቱ ነው። አሜሪካዊቷ ስፖርተኛ ቤብ ዲድሪክሰን ዛሃሪያስ በ1935 ከአማተር ውድድር የታገደችው በዚሁ ምክንያት ነበር። መብቷን ለማስመለስ የሚከፈልባቸውን ጨዋታዎችና ውሎች ትታ ዓመታት ጠበቀች፤ በ1943 ተፈቀደላት። የ1946ን የአሜሪካ፣ የ1947ን የብሪታንያ የሴቶች አማተር ዋንጫ ወሰደች። በዚያው ዓመት ፕሮፌሽናል ሆና ፍሬድ ኮርኮራንን ሥራ አስኪያጇ አደረገች።

ፕሮፌሽናል የሆነችበት ጊዜ በትክክል የተመረጠ ነው፤ ዋንጫዎቹ ለውል ድርድር ዋጋ አላቸውና። በ1950 ከሴት ፕሮፌሽናሎች በሽልማት ገንዘብ አንደኛ ሆና እንኳ ያገኘችው 14,800 ዶላር ነበር፤ የጉዞና የሆቴል ወጪ ገና አልተቀነሰበትም። ሥራ አስኪያጅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነበር፦ ተመልካች ከፍሎ የሚያያቸውን የትርኢት ጨዋታዎች ለመያዝና ከጎልፍ ዱላ አምራች ጋር ለመዋዋል።