ያለ ትንሹ አንጎል መወለድ፦ የሚወራውና እውነታው

ከማጅራታችን ከፍ ብሎ፣ በራስ ቅላችን የኋላ ክፍል፣ ሐኪሞች ሴሬቤለም የሚሉት ትንሹ አንጎል አለ። አልፎ አልፎ፣ እጅግ በጣም አልፎ አልፎ፣ ያለ እሱ የሚወለድ ሰው አለ።

«ያለ እሱማ መኖር አይቻልም»

ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2014 በቻይና ሻንዶንግ ግዛት የአንዲት የ24 ዓመት ሴት ታሪክ ተዘገበ። ማዞርና ማቅለሽለሽ ቢያስቸግራት ሆስፒታል ሄደች። ጭንቅላቷ በኤምአርአይ ሲታይ ትንሹ አንጎል ጭራሽ የለም። ቦታውን ፈሳሽ ሞልቶታል። ሴትዮዋ አግብታለች፣ ልጅም ወልዳለች።

ሁሉም ግን እንደ እሷ አይታደልም። ሌላ የአፈጣጠር ችግር አብሯቸው የሚወለድ፣ በሕፃንነታቸው የሚሞቱም አሉ።

«ካገባችና ከወለደች ምንም አልጎደላትም»

ይሄኛው ከመጀመሪያው ይብሳል፤ ሰዎቹ የከፈሉትን ዋጋ ይሰርዛል። ይህች ሴት ያለ ድጋፍ መቆም የቻለችው በ4 ዓመቷ ነው። ንግግሯ ለሰው የገባው በ6 ዓመቷ፣ ብቻዋን የተራመደችው ደግሞ በ7 ዓመቷ። ሮጣ አታውቅም፣ ዘልላም አታውቅም። ሌሎች ልጆች ሲሯሯጡ እሷ ምን ታደርግ እንደነበር ማሰብ ይከብዳል።

ወሬው አዲስ አይደለም። ያለ ትንሹ አንጎል ተወልደው እንቅስቃሴያቸው ፍጹም ጤናማ ስለነበረ ሰዎች ድሮም ይነገር ነበር። ሚቸል ግሊክስታይን የተባለ የአንጎል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1994 የቆዩ መዛግብትን መርምሮ ተረት መሆኑን ጻፈ።

«እየተንገዳገደ ነው፣ ጠጥቷል»

መጠጥ ትንሹን አንጎል ስለሚያውክ የሰካራምና ያለ ትንሹ አንጎል የተወለደ ሰው አረማመድና መኮላተፍ ይመሳሰላል። ጠብታ ያልቀመሰ ሰው በዚህ ምክንያት በየመንገዱ ሲሰደብ ያሳዝናል።

«ሥራው ሚዛን መጠበቅ ብቻ ነው»

ብዙ የተማሩ ሰዎችም እንዲህ ያምናሉ። ትንሹ አንጎል ከጠቅላላው አንጎል ክብደት 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ነገር ግን ከ86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎቻችን ውስጥ 69 ቢሊዮን ያህሉ እዚያ ናቸው። ይህ ሁሉ ላለመውደቅ ብቻ ነው?

የቡና ስኒ ስናነሣ እጃችን በምን ፍጥነት ሄዶ የት መቆም እንዳለበት የሚያስተካክለው እሱ ነው። እሱ ከሌለ እጁ ስኒውን ያልፈዋል፣ ወይም ሊደርስበት ሲል ይንቀጠቀጣል። ለሐሳብም ተመሳሳይ ማስተካከያ ያደርጋል። ጄረሚ ሽማማን እና ጃኔት ሸርማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 እንዳሳዩት፣ ትንሹ አንጎላቸው የተጎዳ ሰዎች ማቀድ፣ ከአንድ ሐሳብ ወደ ሌላው መሻገር፣ ቃል ቶሎ ማግኘትና ስሜታቸውን መግራት ይከብዳቸዋል። ያለቦታው የሚናገሩም አሉ። ይህን ሲያደርጉ ታዲያ ባለጌ ወይም ደደብ ይባላሉ።

«ከሌለ ሌላው የአንጎል ክፍል ይተካዋል»

በከፊል፣ ያውም ቀስ ብሎ። በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ያለ እሱ የተወለደ ሰው፣ ካደገ በኋላ በስትሮክ ድንገት ትንሹ አንጎሉ ከተጎዳበት ሰው የተሻለ ሊንቀሳቀስ የሚችለው። ቢሆንም ሌላው ሳያስብ የሚያደርገውን እሱ አስቦ፣ ተጠንቅቆ ነው የሚያደርገው። እየተራመደ ማውራት እንኳ ሊከብደው ይችላል።

የጎደለውን የሚመልስ መድኃኒት የለም። የሚረዳው ፊዚዮቴራፒና የንግግር ሕክምና ነው። አንድ ልጅ መቀመጥም መቆምም መናገርም ከዘገየበት «ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ ከመጠበቅ ለሕፃናት ሐኪም ማሳየት ይሻላል።