ብሊች ይደገም? የሚባለውና እውነታው

አዳማ የሠርግ ሰሞን ሲገባ ቅዳሜ ፀጉር ቤታችን ውስጥ መቀመጫ አይገኝም። ባለፈው አንዲት ሚዜ መጣች። ሻሿን ስታወልቅ ሦስት ዓይነት ፀጉር አየሁ። ሥሩ የራሷ ጥቁር፣ መሀሉ ብርቱካናማ፣ ጫፉ ደግሞ ገለባ። ብሊች፣ ማለትም የፀጉርን ቀለም የሚያነጣ ኬሚካል፣ ተደርጋ ነበር፤ ስላልወደደችው ጥቁር ቀለም ቀባችበት፤ ጥቁሩ ሲሰለቻት እንደገና ብሊች። «እህቴ፣ አንዴ ድገሚልኝና ብሎንድ ይውጣልኝ። ሠርጉ ነገ ነው» አለችኝ።

ወንበሩ ላይ ተቀምጣ የነገረችኝን ነገር ከሌሎችም በየቀኑ እሰማዋለሁ። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

«ብርቱካናማ የሆነው ብሊቹ ስላልሠራ ነው»

ሠርቷል እንጂ። ጥቁር ፀጉር በአንዴ አይነጣም። መጀመሪያ ቀላ ያለ ቡኒ ይሆናል፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ቢጫ፣ መጨረሻ ላይ የለጋ ቅቤ መልክ ይይዛል። የእኛ ፀጉር ብዙ ጥቁር ቀለም ስላለው ብርቱካናማው ላይ መቆሙ የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ሌላ ብሊች ሳይሆን ቶነር ነው፤ ከብሊች በኋላ መልኩን ለማስተካከል የሚቀባ ቀለም ማለት ነው። ብርቱካናማን ሰማያዊ፣ ቢጫን ሐምራዊ ያጠፋዋል። ግን ቶነር አያነጣም። ብርቱካናማው ፀጉር ካራሜል ይሆናል እንጂ ብሎንድ አይወጣውም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለጠይም ፊት ካራሜሉ ይበልጣል፤ ይህን ስል ግን የሚሰማኝ የለም።

«ጥቁሩ ላይ ብሎንድ ቀለም ብቀባበት ይለቃል»

ቀለም ቀለምን አያነሳም። ካርቶኑ ላይ ያለችውን ሴትዮ አትመኑ። ያልተነካው ሥር ትንሽ ይነጣል፣ ቀድሞ የተቀባው ርዝመት ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ራስ ላይ ቀይ ቆብ የደፉ ይመስላል።

«ሁለት ሳምንት ቢያርፍ ይድናል»

ይሄኛው ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው። ፀጉር ቁስል አይደለም። ከቆዳው ውጭ ያለው ፀጉር ሕይወት የለውም፣ ራሱን አይጠግንም። ብሊች የላይኛውን ቅርፊት ከፍቶ ይገባል። ውስጥ ያለውን ጥቁር ቀለም ሲያጠፋ ኬራቲን የሚባለውን ፕሮቲን አጥብቀው የያዙትን ማሰሪያዎችም ከፊሉን ይበጥሳል። የተበጠሰው ዛሬም ከወር በኋላም ያው ነው። ወር ሙሉ ብትጠብቁ የምታገኙት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አዲስ ፀጉር ነው። ማረፍ የሚጠቅመው የራስ ቆዳን ነው። የቆሰለ ወይም የሚያቃጥል ቆዳ ላይ ብሊች አይነካም።

ታዲያ ይደገም አይደገም በምን ይታወቃል? የልጅቷን ፀጉር በውሃ አረጠብኩት። ከጫፉ አንዲት ዘለላ በሁለት እጄ ጣቶች ይዤ ቀስ ብዬ ሳብኩ። ደህና ፀጉር እርጥብ ሆኖ ሲሳብ ትንሽ ይለጠጥና ይመለሳል። የእሷ እንደ ማስቲካ ተሳበ፣ ቀጠነ፣ በጠስ አለ። ጣቴ ላይ የቀረውን ዝም ብላ አየችው። መሀሉን ስስበው ግን እየተንቀረፈፈም ቢሆን ተመለሰ። ሥሩማ ምንም አልሆነም። አንድ ራስ ላይ ሦስት መልስ አገኘን ማለት ነው። ጫፉ ላይ ብሊች ቢደገም ኖሮ መታጠቢያው ውስጥ ተዝለግልጎ ይቀር ነበር።

«40 ቁጥር ይሁንና ቶሎ እንገላገል»

የብሊች ዱቄት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ካለበት ፈሳሽ ጋር ነው የሚደባለቀው፤ የፈሳሹ ጠርሙስ ላይ ያለው ቁጥር የፐርኦክሳይዱን ጉልበት ይናገራል። 20 ማለት 6 በመቶ፣ 30 ማለት 9 በመቶ፣ 40 ደግሞ 12 በመቶ ነው። የተጎዳ ፀጉር ቅርፊቱ ስለተከፈተ የተቀባውን ሁሉ ቶሎ ይጠጣል። ስለዚህ መደገም ካለበት ዝቅ ባለ ቁጥር፣ ዓይን ሳይነቀል፣ አዲስ የበቀለው ላይ ብቻ ነው። ካስክ ውስጥ ግቢ የምትላችሁ ካለች እምቢ በሉ። ሙቀት ብሊቹን ያፋጥነዋል፣ ቆዳም ያቃጥላል። የአዳማ ከሰዓት በኋላ ራሱ ካስክ ነው! መስኮትም ይከፈት። የዱቄቱ ብናኝ ለአስም ጥሩ አይደለም፣ ለእኛም ለሠራተኞቹ።

«ሂና ነው የተቀባሁት፣ ሂና ደግሞ ተፈጥሮ ነው»

ንጹህ ሂና የሚሰጠው ቀይ ነው። «ጥቁር ሂና» ተብሎ የሚሸጠው ውስጡ ሌላ ነገር ተጨምሮበታል፤ አንዳንዱ የብረታ ብረት ጨው አለው። ይሄ ጨው ከፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ይግላል፣ ፀጉሩን እስከ መቁረጥ ይደርሳል። ስለዚህ ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት የተቀባችሁትን ሁሉ ለባለሙያዋ ንገሩ፣ አትፈሩ። እኔ ማበጠሪያ ላይ የቀረውን ፀጉር ሰብስቤ በፕላስቲክ ኩባያ ትንሽ የብሊች ድብልቅ ውስጥ እነክረዋለሁ። ከጋለ ወይም ከተዝለገለገ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

«ቅቤ ይመልሰዋል»

ቅቤ ያለሰልሳል፣ ድርቀት ይቀንሳል፤ ለአዳማ ነፋስ እኔም እቀባለሁ። የተበጠሰ ማሰሪያ ግን አይቀጥልም። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበያ ላይ የዋለው ኦላፕሌክስ የሚባለው የፀጉር መጠገኛና መሰሎቹ ጉዳቱን ይቀንሳሉ፣ የሞተውን ጫፍ ግን አያስነሱም። ደግሞ ብሊች ልትደረጉ ስትመጡ ቅቤ ተቀብታችሁ አትምጡ። እኩል አይይዝም።

ብሊች የተደረገ ሰው ፀጉሩ ዳግም አይበቅልም የሚባለውስ? ይበቅላል፤ ሥሩ ያለው ቆዳ ውስጥ ነው። ቆዳው ተቃጥሎ ጠባሳ ካልያዘ በስተቀር።

ልጅቷን አራት ጣት ያህል ቆረጥኳት። መሀሉን ብሊች በሌለው ቀለም ካራሜል አደረግነው፣ ሥሩን ተውነው። ፒያስትራ በዚያ ሳምንት እንዳትነካ ነገርኳት፤ ለሠርጉ በቢጎዲን ተጠቀለለች። መሬቱን ስጠርግ የወደቀውን ብርቱካናማ ክምር እያየች «ለዚህ ሁሉ ያወጣሁትን ብር ብታውቂ» አለችኝ።