የጎጃም ወንዞች ዓሣ በጅምላ ሲሞት፦ ሊሆኑ የሚችሉ መንስኤዎች

የዓሣ የጅምላ ሞት የሚባለው ብዙ ዓሣ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ አካባቢ ሞቶ ሲገኝ ነው። የባሕር ጠረፍ ባላቸው አገሮች ብዙ ተጽፎበታል። ጎጃም ግን ባሕር የለውም። ወንዞቹ ወይ ጣና ይገባሉ፣ ወይ በቀጥታ ወደ አባይ ሸለቆ ይወርዳሉ። ስለዚህ የእኛን ጉዳይ በእኛው ውሃ ማየት ያስፈልጋል። ይህ ዳሰሳ በዋናነት የሚያየው ግልገል አባይንና መጋቢዎቹን ነው።

ግልገል አባይ ከሰከላ፣ ከግሽ አባይ ምንጭ ይነሳል። ኪልቲንና ቆጋን ይዞ በደቡብ በኩል ጣና ይገባል። ከሐይቁ አራት ዋና ዋና ገባሮች ትልቁ እሱ ነው። ሌሎቹ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ፣ በጎንደር በኩል የሚመጡ ናቸው። ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ነፋስ ከላይ እስከ ታች በቀላሉ ያማስለዋል። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። በቢሾፍቱ ጥልቅ ሐይቆች በብርድና በነፋስ ወቅት ኦክስጅን ያጣው የታች ውሃ ወደ ላይ ይወጣና ዓሣውን ይጨርሳል። ጣና ላይ እንዲህ ያለው አደጋ ብዙም አያሰጋም።

የጣናን ዓሣ ለሳይንስ ካስተዋወቁት ቀደምት ሰዎች አንዱ በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጻፈው ጀርመናዊው ሩፐል ነው። ከጣሊያን ወረራ ዘመንም የተወሰነ ጥናት አለ። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የሆላንዱ የቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የእኛ ባለሙያዎች ባሕር ዳር ላይ አብረው ዓመታት ሠሩ። ናኸልከርከና ሲቢንግ ነጭ ዓሣ የምንለውን፣ በሳይንስ ስሙ ላቢዮባርበስ የተባለውን፣ ዝርያ በዝርያ ለዩት። እሸቴ ደጀን ባርበስ የሚባሉትን ትንንሽ ዓሦች አጠና። አበበ ጌታሁንና ዋሴ አንተነህ ዓሣው እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዝ የሚያደርገውን ጉዞ ተከታተሉ። የባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከልም በትንሽ አቅም ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ዛሬ ስለዚህ ውሃ በእርግጠኝነት የምንናገረው አብዛኛው ነገር የእነዚህ ሰዎች ልፋት ነው።

ያገኙት ነገር የሚያኮራ ነው። በጣና ከ15 በላይ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። በፊሊፒንስ የላናኦ ሐይቅ ተመሳሳይ የዓሣ ቤተሰብ ነበር፤ ከውጭ በገቡ ዓሦች ምክንያት ጠፋ። ስለዚህ የቀረው የእኛው ነው። የጢስ አባይ ፏፏቴም ከታችኛው አባይ ዓሣ ለይቶ ጠብቆታል። ቀረሶና አምባዛ ግን በሌላም የአፍሪካ ውሃ የሚገኙ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ቢያንስ 7ቱ እንቁላል የሚጥሉት ሐይቁ ውስጥ አይደለም፤ ወንዝ ይወጣሉ። ክረምት ሲገባ በወንዞቹ አፍ ይሰበሰባሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ሽቅብ ወጥተው ጥርት ያለ፣ ጠጠር ያለበት፣ ፈጥኖ የሚፈስ ጥልቀት የሌለው ውሃ ይፈልጋሉ። ለመራባት የደረሰው ዓሣ ሁሉ በአንድ ወቅት ጠባብ ቦታ ላይ ይታጨቃል ማለት ነው። በበጋ መሃል ሐይቅ ላይ አሥር ዓሣ የሚገድል ነገር፣ በክረምት ወንዝ ውስጥ አንድ ትውልድ ይወስዳል። ከዚህ በታች ያሉት መንስኤዎች ሁሉ በዚህ ዓይን መታየት አለባቸው።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብርብራ ነው፤ ጥርጣሬውም ተገቢ ነው። ብርብራ የአገራችን ዛፍ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል። ይህ አያቶቻችን የሚያውቁት የማጥመጃ ዘዴ ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ ሮቴኖን ይባላል። በስንጥብ በኩል ይገባና የሰውነቱ ሕዋስ በኦክስጅን እንዳይጠቀም ያደርጋል። ውሃው ኦክስጅን ሞልቶት ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። የብርብራ ክፋቱ መምረጥ አለማወቁ ነው። የሚበላውንም፣ ጣት የምታክለውንም፣ በጠጠሩ ሥር ያሉትን ነፍሳትም አንድ ላይ ይፈጃል። አንድ ሰው ለእራት ብሎ የበተነው ዱቄት እንቁላል ሊጥል የመጣውን መንጋ ሊጨርስ ይችላል። በፀሐይና በሙቀት በቀናት ውስጥ ስለሚፈርስ ምልክቱ ቶሎ ይጠፋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የዓሣ ሀብት አዋጅ በመርዝ ማጥመድን ይከለክላል። ክልከላው ወንዝ ዳር ድረስ እንዲወርድ አጥብቄ እመኛለሁ።

እንዶድም የዚሁ ዘመድ ነው። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ለቢልሃርዝያ መከላከያ የሚሆን ግኝት ላይ ደረሱ። ቀንድ አውጣውን የገደለው አረፋ ፈጣሪ ንጥረ ነገር ለዓሣም አይበጅም። ያም ሆኖ ጥቂት ሴቶች ነጠላ ስላጠቡ በሚፈስ ትልቅ ወንዝ ውስጥ የጅምላ ሞት ይመጣል ማለት ይከብዳል። ውሃው በተኛበት የበጋ ኩሬ ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ መንስኤ የኦክስጅን ማነስ ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ 20 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነ እዚህ ወደ 7 ይወርዳል። አብዛኛው ዓሣ ከ5 በታች ሲሆን ይጨነቃል፤ ከ2 በታች ብዙ አይቆይም። ደጋው አገር ሲጀመር ጠባብ መጠባበቂያ አለው ማለት ነው። ውሃው ሲሞቅ፣ ፍሰቱ ሲቀንስ፣ ፋንድያና የበሰበሰ ቅጠል ሲገባበት ይቺው ታልቃለች። አልጌ፣ ማለትም ዋቅላሚ፣ የበዛበት ውሃም ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሌሊት መልሶ ይወስዳል። ለዚህ ነው እንዲህ ያለው ሞት ብዙ ጊዜ ጎህ ሲቀድ የሚታየው።

በሰኔ የሚመጣው የመጀመሪያው ደራሽ ውሃ እነዚህን ሁሉ ይደምራል። በበጋ የተከማቸውን ፋንድያ፣ አመድ፣ የመንደርና የከተማ ቆሻሻ በአንድ ቀን ጠርጎ ይወስዳል። በላዩ ላይ አፈር አለ። የእርሻው አፈር እየተሸረሸረ ግልገል አባይን ቀይ ያደርገዋል። ደለሉ የዓሣውን ስንጥብ ይደፍናል፣ በጠጠሩ መሃል የተጣለውንም እንቁላል ይቀብራል። የተቀበረ እንቁላል አይንሳፈፍም። ሰው ሳያየው የሚያልፈው ትልቁ ሞት ይህ ይመስለኛል።

የእርሻ መድኃኒት ጉዳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ገበሬው በጤፍና በስንዴ ላይ ቱፎርዲ የተባለ ፀረ አረም ይረጫል፤ በሐይቁ ዙሪያ ያለው የጫት ማሳም ፀረ ተባይ ያገኛል። ዱርስባንንና ፓይሬትሮይድ የሚባሉትን የመሰሉ ፀረ ተባዮች ለዓሣ እጅግ መርዛማ መሆናቸው በደንብ የታወቀ ነው። ከርጭት በኋላ ዝናብ ከጣለ ወይም መርጫው ወንዝ ውስጥ ከታጠበ ጉዳት ሊደርስ ይችላል። ሆኖም አንድን የሞት አደጋ በፀረ ተባይ ለማመካኘት የላቦራቶሪ ምርመራ ይጠይቃል። በጥርጣሬ ብቻ ገበሬውን መክሰስ ተገቢ አይደለም። የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽም እንዲሁ ሊሆን ይችላል እንጂ ነው አይባልም።

የውሃ መጉደል ደግሞ ማንንም ሳይመርዝ ይገድላል። በበጋ ሞተር ፓምፕ ተደርድሮ ወንዙን ሲጠጣው ዓሣው በየኩሬው ተነጥሎ ይቀራል። ከዚያ ይሞቃል፣ ይታፈናል፣ ወይም በእጅ ይለቀማል። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ለማልማት የታሰበ ነው። ለገበሬው የሰጠውን ጥቅም ማንም አይክድም። ሽቅብ ለሚወጣው ዓሣ ግን ግድግዳ ነው።

በሽታና ጥገኛ ትላትሎችም አሉ። በጣና ዓሣ ውስጥ ሊጉላ የሚባል ትል የታወቀ ነው። ማይክሮሲስቲስ የተባለው መርዛማ አልጌም በሐይቁ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታየው እምቦጭ የተባለው አረም ግን የበረታው ግልገል አባይ በሚገባበት በኩል ሳይሆን በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ነው።

እዚህ ላይ መረብ ከመርዝ ጋር መምታታት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ከገቡ በኋላ፣ በ1991 እና በ2001 መካከል ባሉት ዓመታት የነጭ ዓሣ ብዛት በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱን ጥናት አሳይቷል። ጥናቱ ዋና ምክንያት ያደረገው በወንዝ አፍ ላይ እንቁላል ሊጥል የተሰበሰበውን ዓሣ ማጥመድን ነው። በደንገል ታንኳ ለዘመናት ያጠመዱት ነገደ ወይጦዎች ሐይቁን እንዲህ አላራቆቱትም። ይህ ውሃ ላይ ሞቶ የሚንሳፈፍ ዓሣ አይደለም። ግን ዓሣ ጠፋ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለዚህ ነው።

መንስኤውን ለመለየት መጀመሪያ አምባዛውን እዩ። አምባዛ ከአየር መተንፈስ የሚያስችለው አካል አለው። ሌላው ሞቶ እሱ ከተረፈ ኦክስጅን አንሷል ማለት ይቻላል። እሱም፣ ጫጩቱም፣ ነፍሳቱም አንድ ላይ ካለቁ መርዝ ይጠረጠራል። አንድ ዝርያ ብቻ እየተመረጠ ከሞተ በሽታ ነው የሚፈለገው። የሞተ ዓሣ መጀመሪያ ይሰጥማል፣ ሲበሰብስ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ያያችሁት ሬሳ ትናንት ወይም ከትናንት በስቲያ፣ ከላይ በኩል የሞተ ሊሆን ይችላል። ወደ ላይ ሂዱና ገና ነፍሱ ያልወጣ ዓሣ ፈልጉ። ውሃውን በንጹሕ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልታችሁ ክደኑ፤ ሰዓቱን ጻፉ። ዓሣውን በበረዶ አድርጋችሁ በዚያው ቀን ለባለሙያ አድርሱ። በማግስቱ ከደረሰ ስንጥቡ ፈርሶ ምንም አይናገርም።