ውሃ ሲፈላ የሚላቀቀው ምንድን ነው? ስለ ቁስ አካል ሁኔታዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ጠጣር፣ ስለ ፈሳሽ እና ስለ ጋዝ የሚያወሳው ምዕራፍ በኬሚስትሪ ትምህርት መጀመሪያ ላይ ስለሚመጣ፣ ምሳሌዎቹም ከጓዳችን ስለማይርቁ፣ ብዙ ተማሪዎች አስቀድመው የሚያውቁት መስሏቸው በጥድፊያ ያልፉታል። እዚያ ሳይታረም የቀረ አመለካከት ግን እስከ ላይኛው ክፍል አብሮ ይዘልቃል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው፤ ይኸውም በአንድ ሞለኪውል ውስጥ አቶሞችን የሚያስተሳስረውን ኃይል፣ አንዱን ሞለኪውል ወደ ጎረቤቱ ከሚስበው ኃይል ለይቶ አለማየት ነው። ስለዚህ ማብራሪያውን የምጀምረው ምድጃ ላይ ከተጣደ አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ነው።

«ውሃ ሲፈላ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይለያያል፤ አረፋዎቹም እነዚህ ጋዞች ናቸው።»

ከሁሉም በላይ ሥር የሰደደው ስሕተት ይህ ነው። ውሃው ገና መሞቅ ሲጀምር በማንቆርቆሪያው ግድግዳ ላይ የሚታዩት ጥቃቅን አረፋዎች ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረ አየር ናቸው፤ ሲፈላ ከሥር እየተንደቀደቁ የሚወጡት ትልልቆቹ ደግሞ የውሃ ተን ናቸው። ተኑ ቀዝቃዛ ክዳን ሲነካ ተመልሶ ውሃ መሆኑ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ቢሆኑ ኖሮ ክዳኑ ላይ ጠብታ ባልታየ፣ ድብልቁም በምድጃው እሳት ተቀጣጥሎ በፈነዳ ነበር። በቁጥር ስንመዝነው ልዩነቱ የበለጠ ይጎላል፦ አንድ ሞል ውሃን፣ ማለትም 18 ግራሙን፣ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ ተን ለመለወጥ 41 ኪሎጁል ያህል ይበቃል፤ የዚያኑ ውሃ ሞለኪውሎች ወደ ነጠላ አቶሞች ለመበታተን ግን ከ900 ኪሎጁል በላይ ያስፈልጋል። እሳቱ የሚያላቅቀው ሞለኪውልን ከሞለኪውል እንጂ አቶምን ከአቶም አይደለም።

«የሃይድሮጅን ትስስር በውሃ ሞለኪውል ውስጥ ሃይድሮጅንን ከኦክስጅን ጋር ያያያዘው ነው።»

እዚህ ላይ ተማሪውን መውቀስ ይከብደኛል፤ ስያሜው ራሱ አሳሳች ነውና። በሞለኪውሉ ውስጥ ያለው ኮቫለንት ትስስር፣ ማለትም አቶሞች ኤሌክትሮኖችን በመጋራት የሚፈጥሩት ትስስር ነው። የሃይድሮጅን ትስስር የሚባለው ግን፣ ኤሌክትሮኖቹ ወደ ኦክስጅን ስላደሉበት በከፊል ፖዘቲቭ የሆነው የአንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጅን፣ በከፊል ኔጋቲቭ ወደሆነው የሌላው ሞለኪውል ኦክስጅን ሲሳብ የሚፈጠረው ነው። ጥንካሬው ከኮቫለንቱ ትስስር ሃያ እጅ ያህል ቢያንስም ውጤቱ ቀላል አይደለም፤ ይህን ያህል ጠንካራ የሃይድሮጅን ትስስር የሌለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በክብደት የውሃን እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሞለኪውል ሆኖ ሳለ፣ ከውሃ እጅግ ዝቅ ብሎ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ላይ ይፈላል።

«ዋልታ የሌላቸው ሞለኪውሎች ምንጊዜም በደካማ ኃይል ነው የሚሳሳቡት።»

ዋልታ አለው የሚባለው አንድ ወገኑ በከፊል ፖዘቲቭ፣ ሌላው ወገኑ በከፊል ኔጋቲቭ የሆነ ሞለኪውል ነው። ይህ አባባል ግማሽ እውነት ስለሆነ ይበልጥ ያሳስታል። የፊዚክስ ሊቁ ፍሪትዝ ለንደን በ1930 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ኤሌክትሮኖች በእንቅስቃሴያቸው ለቅጽበት ወደ አንድ ወገን ሲያጋድሉ ጊዜያዊ ዋልታ ይፈጠራል፤ ያም ጎረቤቱን ሞለኪውል አጋድሎ ይስበዋል። ኤሌክትሮኖቹ በበዙና ከኒውክለሱ በራቁ መጠን ማጋደሉ ይቀላል፣ ስበቱም ይበረታል። አዮዲን ምንም ቋሚ ዋልታ ሳይኖረው በክፍል ሙቀት ጠጣር ሲሆን፣ የሚቀልጠውም በ114 ዲግሪ ገደማ ነው። ሃይድሮጅን ክሎራይድ ከሃይድሮጅን አዮዳይድ የበለጠ ዋልታ አለው፤ ሆኖም የመጀመሪያው ከዜሮ በታች 85፣ ሁለተኛው ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ላይ ይፈላሉ። እንግዲህ ሁለት ንጥረ ነገሮች ሲወዳደሩ ዋልታን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም።

«ውሃ የትም ቦታ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ እሳቱ ሲጨመር ደግሞ ከዚያ በላይ ይሞቃል።»

አንድ ፈሳሽ የሚፈላው የራሱ ተን ግፊት በላዩ ከሚጫነው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሯ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውሃም እዚያ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ባቄላና ሽንብራ በደጋ ለመብሰል ረጅም ጊዜ የሚወስዱት፣ ተኑን አፍኖ ግፊቱን ከፍ የሚያደርገው ድስትም የሚያፈጥናቸው በዚሁ ምክንያት ነው። እሳት መጨመር ግን ክፍት ድስት ውስጥ የሚፈላውን ውሃ ከዚያ በላይ አያሞቀውም። አንድ ኪሎግራም ውሃን ከ20 ወደ 92 ዲግሪ ለማድረስ 300 ኪሎጁል ያህል ሲበቃ፣ ያንኑ ውሃ ሙሉ በሙሉ ወደ ተን ለመለወጥ ከ2,200 ኪሎጁል በላይ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ኃይል የሚውለው ሞለኪውሎችን ለማላቀቅ ስለሆነ የሙቀት መለኪያው ባለበት ይቆማል፤ ከልክ በላይ የሚነድ እሳት የሚያተርፈው ቶሎ የሚያልቅ ውሃ ብቻ ነው።

«ከማንቆርቆሪያው አፍ የሚወጣው ነጭ ነገር ጋዝ ነው።»

የውሃ ተን አይታይም። ከአፉ ጫፍ እስከ ነጩ ጉም ባለው ባዶ በሚመስል ክፍተት ውስጥ ያለው እሱ ነው፤ ነጩ ግን ተኑ አየር ውስጥ ቀዝቅዞ የሆነው ጥቃቅን የውሃ ጠብታ ነው።

«ነገሮች ሲሞቁ ቅንጣቶቻቸው ያብጣሉ፤ በመካከላቸው ያለውም አየር ነው።»

የሚሰፋው ርቀታቸው ነው፤ አየርም ራሱ ከሞለኪውሎች የተሠራ ስለሆነ በቅንጣቶቹ መካከል ምንም ነገር የለም። አንድ ኪሎግራም ውሃ በባሕር ጠለል ግፊት ሲተን ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ የሚይዘው፣ እያንዳንዱ ሞለኪውል እንደ ቀድሞው ሆኖ ነው።

«ጨው የሚቀልጠው ሞለኪውሎቹ ሲላቀቁ ነው።»

እስካሁን የተጠቀምኩበት ልዩነት እዚህ ላይ ወሰን አለው። የገበታ ጨው ሞለኪውል የለውም፤ የተሠራው ከአዮኖች፣ ማለትም ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ ከሆኑ አቶሞች ነው፤ እያንዳንዱ የሶዲየም አዮን በስድስት የክሎራይድ አዮኖች፣ እያንዳንዱ የክሎራይድ አዮንም በስድስት የሶዲየም አዮኖች ተከብቦ ክሪስታሉን ይሠራል። ስለዚህ ጨው ለመቅለጥ 801 ዲግሪ የሚጠይቀው፣ እሳቱ የሚታገለው ራሱን የአዮኖቹን ትስስር ስለሆነ ነው።