«ኮምፒውተሩ ያስተካክለዋል» ለሚሉኝ ሁሉ

ሥራዬ የትንፋሽ መሣሪያዎችን ስቱዲዮ ውስጥ ቀርጾ ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር ማዋሃድ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ስኖር «ግድ የለም፣ ኮምፒውተሩ ያስተካክለዋል» እንደሚለው አባባል ያንገፈገፈኝ የለም። ትናንሾቹን ስህተቶች አስቀድሜ ላንሳና ወደ እሱ እመለሳለሁ።

«ትራምፔት ባህላችን ነው፣ ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥረው ኪቦርድ) ግን የፈረንጅ ነው።» ሁለቱም መጤ ናቸው። የናስ ባንድ አዲስ አበባ ላይ ሥር የሰደደው ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ባስመጧቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችና በመሪያቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። የእኛ የሆነው ቅኝቱና ምቱ ነው። ትራምፔቱ ያንን ተምሮታል። የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያም እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከምት ማሽን ጋር ሲቀርጽ ቅኝቱ አልጠፋበትም።

«ሳክስፎን የናስ ቤተሰብ ነው።» አይደለም። አካሉ ናስ ቢሆንም ድምፁ የሚነሳው ከሸምበቆ ምላስ ነው።

«የትንፋሽ ባንዶችን ኪቦርድ ገደላቸው።» የሌሊቱን ሙዚቃ ያዳከመው በደርግ ዘመን የነበረው የሰዓት እላፊ ነው። ኪቦርዱ የገባው ባዶ በቀረው ወንበር ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። አንድ ወጣት አቀናባሪ የሦስት ትንፋሽ ተጫዋቾችን ቅጂ ይዞልኝ መጣ። እያንዳንዱን ኖታ ኮምፒውተሩ ላይ ካሉት የምት መስመሮች ጋር አጣብቆታል፤ ድምፁንም የቅጥነትና የውፍረት ልኩን በሚያርም የማስተካከያ ፕሮግራም አሳልፎታል። ትራምፔቱን የተጫወቱት አንጋፋ ሰውም አብረውት ነበሩ። እግራቸው ምቱን ለመያዝ ሁለት ሦስት ጊዜ ወለሉን መታና ቆመ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረው «ልጄ፣ ትንፋሼን የት ጣልከው?» አሉት። ከኖታው በፊት የሚሰማውን አየር መሳብ ሁሉ ቆሻሻ መስሎት ቆርጦ አውጥቶታል።

ችክችካ በስድስት እኩል ክፍል የተሸነሸነ ምት አይደለም። ከስድስቱ አንዳንዱ ዘግየት፣ አንዳንዱ ፈጠን ይላል፤ ትከሻን የሚያነሳውም ይኸው ነው። በዚያ ላይ የትራምፔት ድምፅ እንደ ከበሮ በአንድ ቅጽበት አይፈነዳም፣ ቀስ ብሎ ይከፈታል። በዓይን የሚታየውን መነሻ መስመሩ ላይ ስታስቀምጠው ጆሮ የሚሰማው ዘግይቶ ነው። እናም በኮምፒውተር መዳፊት የተስተካከለው ለጆሮ ተዛባ ማለት ነው።

የቅኝቱ ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። ማሲንቆ ተጫዋች በአንቺ ሆዬ ቅኝት ጣቱን የሚያሳርፍባቸው ቦታዎች ሁሉ በፒያኖ ቁልፎች ላይ አይገኙም። ጎበዝ ትራምፔት ነፊ ያንን በከንፈሩ ያመጣዋል። የማስተካከያ ፕሮግራሙ ግን ሌላ ካልታዘዘ በቀር የሚሠራው በፒያኖው 12 ድምፆች ስለሆነ ከመካከላቸው ወደ ቅርቡ ጎትቶ ይሰካዋል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ሲነፋ የሚንቀጠቀጠውንና የሚጮኸውን ድምፅ በዚህ ፕሮግራም አሳልፉትና ምን እንደሚተርፍ አዳምጡ።

ስለዚህ እባካችሁ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ ተጫዋቾቹን በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጊዜ ቅረጹ። እምቢልታ የሚነፉ ሦስት ሰዎችን አስቡ፤ እያንዳንዱ ያለው ጥቂት ድምፅ ብቻ ነው፣ ዜማው የሚገኘው እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው። ነጣጥላችሁ ብትቀርጿቸው ምን ይቀራል? ለምት መቁጠሪያ በጆሯቸው የማሽን ጠቅታ አትልቀቁባቸው፣ ከበሮ የሚመታ ሰው አስቀምጡላቸው። ማይክሮፎኑን ከትራምፔቱ አፍ አንድ ሜትር ያህል አርቁት፣ ትንሽም ወደ ጎን አድርጉት። ከዚያ የኮምፒውተሩ የጊዜ መስመር ተጫዋቾቹን እንዲከተል አድርጉ፤ ፕሮግራሞቹ ይህን ይችላሉ። ባሱንና የኤሌክትሮኒክ ከበሮውን የምትገነቡት ከዚህ በኋላ ነው።

ያ ወጣት ያልተነካውን ቅጂ ከቤቱ አምጥቶ እንደ አዲስ ጀመርን። ሁለት ቀን ፈጀብን። በሁለተኛው ቀን ማታ የአንጋፋው ሰው እግር እንደገና ወለሉን መምታት ጀመረ፣ ሙዚቃው እስኪያልቅም አላቆመም።