የዊሊስ ቀለበት ምንድን ነው?

ቶናው እየተጠጣ ሳለ ሲኒው ከእማማ እጅ ሾልኮ ወደቀ። እማማ የምንላቸው የጎረቤታችንን እናት ነው። ጅማ ቡና ያለ ጎረቤት አይጠጣምና ሁላችንም እዚያው ነበርን። "ምነው እማማ?" አልናቸው። ሊመልሱልን ሞከሩ፤ ቃሉ አልወጣ አላቸው። ከንፈራቸው በቀኝ በኩል ዘመም ብሏል። "ምች ነው" አለች አንዷ። ወዲያው ዳማ ከሴ ተቀጥፎ መጣ። ታሸ፣ አሸተቱት፣ ተቀቡት። ከዚያ "ይተኙበት" ተባለና ተኙ።

ሐኪም ቤት የሄድነው በነጋታው ነው። ሐኪሙ ሲቲ ስካኑን አይቶ ሲጨርስ አንድ የማዘዣ ወረቀት ገለበጠና ጀርባው ላይ ክብ ሣለ። ከሥሩ መስመሮች አስገባበት፣ ከዙሪያው ስድስት አስወጣ። "ይህ የዊሊስ ቀለበት ይባላል፤ ሁላችሁም ጭንቅላት ውስጥ አለ" አለን። እኔ ስሙን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። ከልብ ደም ይዞ የሚሄደውን ቱቦ ደም ቅዳ እንለዋለን፤ ወደ ልብ የሚመልሰውን ደም መልስ። ስሙን ያወጣው ሰው እጁ ይባረክ፤ ሥራቸው በስማቸው ውስጥ አለ። ወደ አንጎል የሚወጡት ዋና ዋና ደም ቅዳዎች አራት ናቸው። ሁለቱ በፊት፣ ሁለቱ በኋላ።

የፊቶቹ ካሮቲድ ይባላሉ። አሁኑኑ ልታገኟቸው ትችላላችሁ። ሁለት ጣታችሁን ማንቁርታችሁ ላይ አድርጉና ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን አንሸራቱ። ጎድጎድ ያለው ለስላሳ ቦታ ላይ ስትደርሱ ትር ትር የሚለው እሱ ነው። (ግራና ቀኙን ባንዴ እንዳትጫኑ፤ ራስ ያዞራል።) እዚያው አካባቢ ካሮቲዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ቅርንጫፍ ፊትንና የራስ ቆዳን ይመግባል። ሌላው የራስ ቅሉን አልፎ አንጎል ዘንድ ይገባል። አንጎል ከሚያገኘው ደም አብዛኛው የሚደርሰው በእነዚህ በሁለቱ ነው።

የኋላዎቹ መንገዳቸው ለየት ይላል። የአንገት አጥንቶቻችን ግራና ቀኝ ቀዳዳ አላቸው። ደም ቅዳዎቹ ከስድስተኛው አጥንት ጀምረው እስከ አንደኛው ድረስ፣ ክር ዶቃ ውስጥ እንደሚያልፍ፣ በየቀዳዳው እየሾለኩ ይወጣሉ። ከራስ ቅሉ ሥር ባለው ትልቅ ቀዳዳ ከገቡ በኋላ ሁለቱ ይገጥሙና አንድ ይሆናሉ።

እንግዲህ ሦስት መጪዎች ቀሩ። ሁለት ካሮቲዶችና ይህ የተዋሃደው የኋላ ግንድ። አንጎል ሥር ሲደርሱ በየፊናቸው አይለያዩም። ቀጫጭን አገናኞች አሉ፤ አንድ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። እነዚህ ሁሉንም ያያይዟቸውና ክብ ይሠራሉ። የዊሊስ ቀለበት ማለት ይኸው ነው። ከእሱ ደግሞ በግራም በቀኝም ሦስት ሦስት ወጪዎች ይነሳሉ፤ የፊተኛው፣ መካከለኛውና የኋለኛው ደም ቅዳ።

ባጃጅ የነዳ ሰው ይህን ለመረዳት ጊዜ አይወስድበትም። እዚህ ጅማ ከመርካቶ ወደ አጂፕ ስትሄድ አንዱ መንገድ ቢዘጋ ሹፌሩ ቆሞ አይጠብቅም፤ ሌላ አቅጣጫ ይዞ ዞሮ ይደርሳል። ቀለበቱም እንደ አደባባይ ነው። በአንዱ በኩል ደም መምጣት ቢያቆም፣ በሌላው የገባው ዞሮ የተዘጋውን ሰፈር ያዳርሳል።

ስሙ የእንግሊዛዊው ሐኪም የቶማስ ዊሊስ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1664 ስለ አንጎል አወቃቀር መጽሐፍ አሳተመ። ሥዕሎቹን ከሠሩለት አንዱ ክሪስቶፈር ሬን ነው፤ በኋላ የለንደኑን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የነደፈው ሰው። ቀለበቱን ከዊሊስ በፊት ያዩ ነበሩ። ዊሊስ ግን ለምን እንደሚጠቅም ገባው። በአንዱ ካሮቲድ ቀለም የገባበት ፈሳሽ ሲጨምር የሁለቱም ወገን ቅርንጫፎች ቀለሙን ይዘው ተገኙ። ሌላ ጊዜ ደግሞ በሌላ በሽታ የሞተ ሰው አስከሬን ሲከፍት አንደኛውን ካሮቲድ ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ አገኘው። ሰውየው ግን በሕይወት ሳለ አንድ ጎኑ አልሰነፈም። እኔ ከሁሉ የወደድኩት ይህንን ነው። ሰውየው አደባባዩ እንዳዳነው ሳያውቅ ኖሮ ሞተ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ? አንጎል ጎተራ የለውም። ቤታችን ውሃ ቢጠፋ ሮቶ አለ፣ ሮቶው ቢያልቅ ጀሪካን አለ። አንጎል ግን ኦክስጅንም ሆነ ስኳር ይህ ነው የሚባል አያስቀምጥም። ክብደቱ 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ከሰውነታችን 2 በመቶ ብቻ። ያም ሆኖ ልብ ከምትረጨው ደም 15 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ በደቂቃ 750 ሚሊ ሊትር አካባቢ። ከኦክስጅኑ ደግሞ 20 በመቶ ያህሉ የእሱ ድርሻ ነው። ተኝተንም ቁጥሩ ያን ያህል አይቀንስም። ደሙ ሙሉ በሙሉ ቢቋረጥ በ10 ሴኮንድ ገደማ ራሳችንን እንስታለን። 4 እና 5 ደቂቃ ካለፈ ሕዋሳቱ መሞት ይጀምራሉ። በፈረቃ የሚባል ነገር አያውቅም።

"ታዲያ ቀለበት ካለ እማማን ለምን አላዳናቸውም?" አልኩት ሐኪሙን። ጥያቄው የጅል መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ብዕሩን አነሳ።

መጀመሪያ ነገር፣ ቀለበቱ መጽሐፍ ላይ እንዳለው ሙሉ የሆነለት ሰው ያን ያህል ብዙ አይደለም። በብዙዎቻችን አንዱ አገናኝ ከመጠን በላይ ቀጭን ነው፤ ጭራሽ የሌላቸውም አሉ። ካሮቲዱ ቀስ በቀስ፣ በዓመታት ውስጥ ከጠበበ አገናኞቹ ሰፋ ለማለት ጊዜ ያገኛሉ። በድንገት ከተዘጋ ግን ቀጭን ቱቦ ምን ያደርጋል?

ሁለተኛው ነው ዋናው። አደባባዩ የሚጠቅመው ከአደባባዩ በፊት ለተዘጋ መንገድ ነው። የረጋ ደም አደባባዩን አልፎ ከወጪዎቹ አንዱ ውስጥ ቢሰነቀር፣ ነገሩ መውጫ የሌለው ቅያስ አፍ ላይ ሲኖትራክ እንደመቆም ነው። ከውስጥ ያሉት ቤቶች በሌላ በኩል የሚደርስላቸው እምብዛም የለም። ሐኪሙ ከስድስቱ መስመሮች በአንዱ ላይ ነጥብ አደረገ። የግራው መካከለኛ ደም ቅዳ ነው። እማማን የመታቸው ስትሮክ ነው፤ ወደ አንጎል ክፍል የሚሄደው ደም ድንገት ሲቋረጥ እንዲህ ይባላል። አብዝቶ የሚመታውም ይህንን መካከለኛውን ነው።

የግራው አንጎል የቀኝ ጎናችንን ያዛል። በአብዛኛው ሰው ንግግርም የሚመነጨው ከግራው ነው። መካከለኛው ደም ቅዳ ደግሞ የፊትንና የእጅን ክፍል ነው ይበልጥ የሚመግበው። ሲኒው፣ ከንፈሩ፣ ቃሉ፤ ሦስቱም ከዚያች ነጥብ ወዲያ ነበሩ። የፊተኛው ቢሆን ኖሮ ይበልጥ የሚሰንፈው እግር ነበር። የኋለኛው ቢሆን ደግሞ ዓይን ደህና ሆኖ ሳለ ከፊታቸው ግማሹ አይታያቸውም ነበር።

ቀለበቱ ራሱም ጣጣ አያጣም። መገጣጠሚያዎቹ ላይ አንዳንዴ ግድግዳው ይሳሳና እንዳረጀ ካላማደሪያ ይነፋል። ይህ ሲፈነዳ ሰው "እንዲህ ያለ ራስ ምታት ዕድሜዬን አይቼ አላውቅም" የሚለው ዓይነት ሕመም በቅጽበት ይመጣል። ሲቲ ስካን የሚታዘዘው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የተዘጋ ነው ወይስ የፈሰሰ? ላይ ላዩን ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው። ለተዘጋው የሚሰጠው የረጋ ደም አሟሚ መድኃኒት ለፈሰሰው ሰው መርዝ ነው።

ይህ መድኃኒት የሚሰጠው፣ ባለበት ቦታ ማለቴ ነው፣ በአብዛኛው ሕመሙ ከጀመረ 4 ሰዓት ተኩል ሳያልፍ ነው። ለዚህ ነው ሐኪሙ ገና ስንገባ፣ ስማቸውን እንኳ ሳይጠይቅ፣ "በስንት ሰዓት ጀመራቸው?" ያለን። እርስ በርስ ተያየን። ሰዓት ያየ ሰው የለም። ልጃቸው ትንሽ አሰበችና "ቶና ላይ" አለች።

ቶና ማታ ሁለት ሰዓት ግድም ነበር። ሐኪሙ ፊት የቆምነው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። 13 ሰዓት።